ስለ ጥጥ ተባይና ስለ መርዙ

በላስታ ደጋ ጥጥ አይበቅልም። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከበላይዋ ያለውም የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ገበሬው የሚዘራው ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ጤፍ ነው እንጂ ሙቀት የሚሻውን ጥጥ አይደለም። ይሁን እንጂ የላስታ ሰው ያለ ጥጥ የሚውልበት ቀን የለም። ካህኑ የሚያጣፋው ነጠላ፣ ገበሬው ከቍር የሚሸሸግበት ጋቢ፣ በልደት ሌሊት በቤተ ማርያም ዙሪያ የቆመውን ሕዝብ ከሩቅ ነጭ የሚያስመስለው ልብስ ሁሉ ከቆላ የወጣ ጥጥ ነው። በመቅደሱ የሚበራው ጧፍ እንኳ ሰሙ የደጋ ንብ ሥራ ሲሆን ክሩ የቆላ ጥጥ ነው።

እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ነገር ይህ ጥጥ በምን ዋጋ እንደሚመረት ነው። ዋጋ የተባለውም በገበያ ከሚቈጠረው ብር ሌላ ነው፤ ይኸውም በማሳው ላይ የሚረጨው መርዝ፣ መርዙን የሚረጨው ሰው ጤና፣ ከማሳው አልፎም የሚያልቀው ንብና የሚበከለው ውኃ ነው። በዓለም ከሚታረሰው መሬት ጥጥ የሚይዘው ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ያህል ሲሆን፣ ለነፍሳት ማጥፊያ ከሚሸጠው መርዝ ግን ከመቶ 10 እጅ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። አንድ ተክል ከድርሻው አብልጦ ይህን ያህል መርዝ የሚጠጣበት ምክንያት ሊታወቅ ይገባል።

ነገሩ ለላስታ የሩቅ አገር ወሬ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ሌላ ምክንያትም አለ። ከሰሜን ወሎ ደጋ፣ መሬቱ ከጠበበበትና እህሉ ከዓመት ዓመት ማድረስ ካቃተው ቤት፣ ብዙ ጐልማሳ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ሲወርድ ኖሯል። በዚያም ሰሊጥ ያጭዳል፣ ጥጥ ያርማል፣ ይለቅማል፤ አሠሪው ያዘዘው እንደ ሆነም መርጫውን በጀርባው አዝሎ መርዝ ይረጫል። ከሙቀቱ ጽናት የተነሣ ደረቱን ገልጦ፣ እጁንና አፉን ሳይሸፍን ወደ ማሳው ይገባል። በዕቃው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ለእርሱ እንዳልተጻፈ ነው። መርዙ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት እንደሚገባ የነገረው ስለሌለ ሳይታጠብ እንጀራ ይቈርሳል፤ ባዶ የሆነውንም ጀሪካን የውኃ መቅጃ ያደርገዋል። ራሱ ሲዞርበት፣ ሲያስመልሰውና ሲያልበው የቆላ ንዳድ ያዘኝ ብሎ ይተኛል። ሐኪሙም ቢሆን መርጨቱን ካልጠየቀው በሽታውን ላያውቅለት ይችላል። ስለዚህ ላስታ ጥጥ ባታበቅልም ጥጡ ከላስታ ሰው ላይ የሚያደርሰው ጕዳት አለ፤ ይህም ጕዳት በየትኛውም ወረዳ መዝገብ ሳይጻፍ የሚያልፍ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር መታየት አለባት። በየገበያው ይህ መርዝ የሚጠራው «መድኃኒት» ተብሎ ነው። ሻጩም ገበሬውም፣ የግብርና ሠራተኛውም ሳይቀር፣ «መድኃኒት ረጨ» ይላል። ሊገድል የተሠራ ነገር በሚያድን ነገር ስም ሲጠራ፣ ሰሚው ሳያስብ ልቡ ይደፍራል፤ መድኃኒት ሲበዛ ፈውሱ ይበዛል ብሎም መጠኑን ይጨምራል። ስሙን ማቅናት ብዙ ወጪ የሌለው ሥራ ነው።

መርዙ ለምን እየበዛ እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከነፍሳቱ ተፈጥሮ ያገኘዋል። ጥጥን ከሚያጠፉት ዋናው ጓይ ትል የሚባለው ነው፤ እርሱም እንቡጡንና ፍሬውን እየበሳ ይበላል። ከእርሱ ጋራ የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጡት ክሽክሽና ነጭ ዝንብ፣ ፍሬውንም ከውስጥ የሚያበላሸው ሮዝ ትል አሉ። ነገር ግን በማሳው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ የገበሬው ጠላት አይደለም። ነጠብጣብ ያለባት ቀይዋ ጥንዚዛ ክሽክሹን እየለቀመች ትበላለች። ሸረሪቱ ያጠምዳል። ከተርብ ወገን እጅግ ጥቃቅን የሆኑት ደግሞ በጓይ ትሉ እንቍላል ውስጥ የራሳቸውን እንቍላል እየጣሉ ዘሩን ያመክኑታል። እነዚህ ሁሉ ደመወዝ የማይከፈላቸው የገበሬው ጠባቂዎች ናቸው። መርዝ በተረጨ ጊዜ ግን ዘበኛውና ሌባው አብረው ይሞታሉ። ከዚያም በኋላ ፈጥኖ የሚራባው ተባዩ ነው፤ ጠባቂው የሚበላው ነገር እስኪበዛለት ድረስ አይመለስም። ከተባዩም መካከል በሕይወት የተረፉት መርዙን መቋቋም የቻሉት ናቸውና፣ ከእነርሱ የሚወለዱት ያንኑ መርዝ ይንቁታል። ገበሬውም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይረጭ የነበረውን በየሳምንቱ መርጨት ይጀምራል፤ ከትርፉ የሚበልጠውንም ለመርዝ ሻጩ ይከፍላል።

ይህ በአሳብ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር ካኜቴ በሚባለው ሸለቆ ያሉ ጥጥ ገበሬዎች ዲዲቲንና መሰሎቹን መርዞች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. ገደማ ጀመሩ። መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ ሠመረላቸው፤ በ1950 በሄክታር 494 ኪሎ ግራም የነበረው ምርት በ1954 እስከ 728 ኪሎ ግራም ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ቀድሞ ተባይ ያልነበሩ ነፍሳት ሳይቀሩ ጠባቂ አጥተው ተነሡ፤ መርዙም አልገድላቸው አለ። በ1956 ምርቱ ወደ 332 ኪሎ ግራም ወረደ፤ ይህም መርዙ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው ያነሰ ነው። ገበሬዎቹ በዚያን ጊዜ መክረው አዲሶቹን መርዞች ከለከሉ፣ የሚዘሩበትንና አገዳውን ከማሳው የሚያጠፉበትን ቀን በአንድነት ወሰኑ፣ ጠባቂ ነፍሳትንም ከሌላ ስፍራ አምጥተው ለቀቁ፤ ምርቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመለሰ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያዳናቸው እያንዳንዱ ገበሬ ለብቻው የሠራው ብልሃት ሳይሆን ሸለቆው በሙሉ በአንድ ደንብ መተዳደሩ ነው። ነፍሳት የማሳ ወሰን አያውቁምና።

ከፔሩ ይልቅ ቅርብ የሆነችው ሱዳን ናት። በገዚራ ሰፊ የመስኖ እርሻ፣ በፈረንጆች 1950ዎቹ መጨረሻ በአንድ የመከር ዘመን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ይረጭ የነበረው ጥጥ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይረጭ ጀመር። በዚህም መካከል ነጭ ዝንቡ በዛ። ነጭ ዝንብ በጥጡ ላይ እንደ ማር የሚጣበቅ ፈሳሽ ስለሚጥል፣ ጥጡ በፋብሪካ መኪና ላይ እየተጣበቀ ፈታዩን አስቸገረ፤ የሱዳን ጥጥ በገበያ የነበረውም ስም በዚሁ ተጐዳ። በኢትዮጵያም ቢሆን፣ ከ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ሸለቆ ታላላቅ የጥጥ እርሻዎች ከተቋቋሙ በኋላ፣ ነጭ ዝንብ በመካከለኛው አዋሽ ዋና ተባይ ለመሆን የበቃው መርዙ እየበዛ በሄደበት ዘመን ነው። ከሱዳን የደረሰው በአዋሽ ተደገመ ማለት ነው።

እንግዲህ ሌላ መንገድ መኖሩን ለማየት ወደ አርባ ምንጭ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ ባለው የስምጥ ሸለቆ፣ ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ማኅበር ከእንግሊዝ አገር ካለው ተባባሪው ጋራ ሆኖ፣ በትንንሽ ማሳ ጥጥ የሚዘሩ ገበሬዎችን የተቀናጀ የተባይ መከላከል የተባለውን ሥራ ሲያስተምር ቆይቷል። ትምህርቱ የሚሰጠው በክፍል ውስጥ አይደለም፤ ገበሬዎቹ በየሳምንቱ በአንድ ማሳ ተሰብስበው፣ ተክሉን እየገለጡ፣ ያገኙትን ነፍሳት ሁሉ ይቈጥራሉ። ይህ የማሳ ትምህርት ቤት የሚባለው ሥርዓት በፈረንጆች 1989 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ በሩዝ ገበሬዎች መካከል የተጀመረ ነው።

የሥራው ሁሉ መሠረት ቈጠራው ነው። በልማድ የሚሠራ ገበሬ የሚረጨው ቀኑ ስለ ደረሰ፣ ወይም ጎረቤቱ ስለ ረጨ፣ ወይም አንድ ትል ስላየ ነው። የሠለጠነው ገበሬ ግን ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እያቋረጠ፣ ከየስፍራው ተክል እየመረጠ፣ ተባዩን ለብቻ ጠባቂውን ለብቻ ይቈጥራል። በአውስትራልያ የጥጥ ምርምር ብዙ ዘመን የሠሩትና ለአርባ ምንጩም ሥራ ምክር የሰጡት ዶክተር ሮበርት ሜንሳህ ባወጡት ስሌት፣ ለሁለት ተባይ አንድ ጠባቂ ከተገኘ ማሳው ራሱን ይጠብቃልና መርጨት አያሻም። ቍጥሩ ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚደረገው ጠባቂውን መጥራት ነው። ለዚህም ከበቆሎ የሚሠራ ምግብ ከውኃ ጋራ ተበጥብጦ በጥጡ ላይ ይረጫል፤ ሽታውም ጥንዚዛውንና ሌሎቹን በላተኞች ከአካባቢው ይስባል፣ ተባይ እስኪያገኙም ድረስ ያቆያቸዋል። ከእርሱ ጋራ የኒም ዛፍ ፍሬ ተወቅጦና ተዘፍዝፎ የተጠለለው ውኃ ሲረጭ፣ ትሉ መብላት ይጠላል፣ እድገቱም ይሰናከላል። ሁለቱም ከገበሬው ደጅ የሚገኙ ናቸው።

በ2017 የፈረንጆች ዓመት ዶክተር ታደሰ አመራ፣ ዶክተር ሜንሳህና አታሎ በላይ በአንድነት ያወጡት ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በዚህ ዓይነት የተያዘው ማሳ ጠባቂ ነፍሳት የበዙበት ሆኖ ተገኝቷል፤ ምርቱም በመርዝ ከተያዘው ማሳ አላነሰም። ለመርዝ ይወጣ የነበረው ብር በቤት ስለሚቀርም ገበሬው የሚያገኘው ትርፍ ተሻሽሏል። ከዚያም ወዲህ በሺህ የሚቈጠሩ ገበሬዎች ትምህርቱን ወስደዋል፤ ጥቂቶቹም ጥጣቸው ያለ መርዝ የተመረተ መሆኑን የሚመሰክር የዓለም አቀፍ ወረቀት እስከ መቀበል ደርሰዋል። በምዕራብ አፍሪካ በቤኒንም ይኸው ምግብ የመርጨት ጥበብ በጥጥ ገበሬዎች ዘንድ ሥራ ላይ ውሏል።

ይህን ሰምቶ ነገሩ ሁሉ አለቀ ማለት ግን አይገባም። አርባ ምንጭ ያለው ገበሬ ማሳው ትንሽ ነው፤ ቤተ ሰቡን ይዞ ይቈጥራል። በመተማና በሑመራ ያለው እርሻ ግን በብዙ መቶ ሄክታር የሚለካ፣ ባለቤቱ ከከተማ የሚቀመጥ፣ ሠራተኛውም የወቅት መንገደኛ የሆነ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ማን ይቈጥራል? ቈጣሪ ካልተቀጠረና ካልተከፈለው፣ መርዙን በቀን ቈርጦ መርጨት ለአሠሪው ይቀለዋል። ስለዚህ በሰፊው እርሻ ላይ ነገሩ የሚወሰነው በገበሬው ፈቃድ ሳይሆን በሒሳብ ነው፤ አንድ የሠለጠነ ቈጣሪ በመከር ዘመን የሚከፈለው ደመወዝ ከስንት ርጭት ዋጋ ጋራ እንደሚተካከል ለባለ እርሻው በቍጥር ማሳየት ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ አውጥቶ የሚያሳይ መሥሪያ ቤት ከሌለ፣ ምክሩ ከወረቀት አያልፍም።

ሌላም መንገድ ቀርቧል። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ጓይ ትልን በራሱ ተፈጥሮ እንዲገድል ሆኖ የተሠራውን፣ ቢቲ የተባለውን የጥጥ ዘር፣ ሁለት ዓይነት ከሕንድ አገር መጥቶ እንዲዘራ ፈቅዷል። ይህ ዘር በጓይ ትል ላይ የሚረጨውን መርዝ ሊቀንስ እንደሚችል እርግጥ ነው። ነገር ግን በሕንድ የታየው ትምህርት መዘንጋት የለበትም፤ በዚያ ሮዝ ትሉ ከዓመታት በኋላ ዘሩን ለመደውና ገበሬው እንደ ገና ወደ መርጫው ተመለሰ። ነጭ ዝንብና ክሽክሽን የመሳሰሉትንም ይህ ዘር ከቶ አይነካቸውም። ስለዚህ ዘሩ ቢመጣም ቈጠራው አይቀርም፤ ቈጠራ የሌለበት ዘር እንደ አንድ አዲስ መርዝ ተቈጥሮ በጊዜው የሚለመድ ይሆናል።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ ቢባል፣ መጀመሪያ የሚነሣው ንብ ነው። የላሊበላ ስም «ንብ ገዥነቱን ዐወቀች» ማለት እንደ ሆነ ይተረጐማል፤ የአገሩ ነጭ ማርም ከሩቅ ይታወቃል። ንብ ደግሞ መርዝ የማትችል ናት። አበባ በሚያብብበት ጊዜ በጧት የተረጨ ማሳ ላይ የዋለች ንብ ወደ ቀፎዋ አትመለስም፤ ብትመለስም መርዙን ለእኅቶችዋ ይዛ ትገባለች። በየቦታው ንብ አርቢዎች ቀፏችን ባዶ ቀረ እያሉ ሲያመለክቱ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የጥጥ ማሳ ከላስታ ሩቅ ቢሆንም፣ መርዙና መርጫው ግን በሽንኩርትና በቲማቲም መስኖ በኩል ከቆቦ ሜዳ ወደ ደጋው እየወጡ ነው። በአገዳው ላይ ተምች ሲታይ፣ በባቄላው ላይ ክሽክሽ ሲታይ፣ አሁን የመጀመሪያው አሳብ ወደ ሱቅ መሄድ እየሆነ ሄዷል። ጥጥ ያለፈበትን መንገድ ደጋው እንዳይከተል ሊታሰብበት የሚገባው አሁን፣ ልማዱ ሳይጸና ነው።

ለዚህም በአገሩ ያለ ዕውቀት አይናቅም። በወሎ ደገዛ የሚባለው፣ ክንፉ አጭር የሆነውና የማይበርረው ፌንጣ፣ በፈረንጆች 1977 ዓ.ም. በሊቃውንት መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት በገበሬው ዘንድ ስሙም ጠባዩም የታወቀ ነበረ። እንቍላሉን በአፈር ውስጥ የሚጥል ስለ ሆነ፣ ከመከር በኋላ መሬቱን መገልበጥ እንቍላሉን ለፀሐይና ለወፍ ያጋልጠዋል። ይህም የተቀናጀ መከላከል ከሚባለው አንድ ክፍል ነው፤ ስሙ አዲስ ቢሆን ሥራው አዲስ አይደለም። እንዲሁም በየደብሩ ዙሪያ የተጠበቀው ዛፍ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ፊት ያለው የጽድ ደን ሳይቀር፣ ንቡም ወፉም፣ ተባይ የሚበላው ተርብም የሚጠለልበት ስፍራ ነው። በእርሻ መካከል የቀረው ዛፍ እነዚህ ብቻ በሆኑበት አገር፣ የደብሩን አጸድ የጠበቀ ካህን የጎረቤቱንም ማሳ እየጠበቀ መሆኑን ማወቁ ደግ ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በራያ ቆቦና በዙሪያው ለመታጨድ የቀረበውን ማሽላና ጤፍ ሲያወድም፣ ጥንዚዛና ሸረሪት ምን ሊያደርጉ ነበር ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እንደዚያ ያለ መንጋ በአንድ ጊዜ ሲወርድ በአውሮፕላንም በመኪናም መርጨት የግድ ነው፤ የተቀናጀ መከላከልም መርዝን ፈጽሞ የሚከለክል ሕግ አይደለም። የሚለው፣ መርዝ የመጨረሻው መሣሪያ ይሁን ነው። በየሳምንቱ ያለ ምክንያት የተረጨበት መርዝ፣ የግድ በሚሆንበት ቀን አይሠራም። ይህ በእርሻ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ለወባ መከላከያ በአጐበርና በቤት ግድግዳ ላይ የሚደረገው መርዝ በጥጥ ላይ ከሚረጨው ጋራ ብዙ ጊዜ አንድ ወገን ነው። በቆላ ማሳ ላይ ያለ ልክ ሲረጭ ትንኙም አብሮ ይለምደዋል፤ አጐበሩም ያን ጊዜ ከተራ መጋረጃ አይሻልም።

ሕግ የጠፋ አይደለም። በፈረንጆች 1990 ዓ.ም. ልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20፣ በኋላም አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቶ፣ ያልተመዘገበ መርዝ ወደ አገር እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥና ሥራ ላይ እንዳይውል ተከልክሏል። በጥጥ ላይ ብዙ ዘመን ሲረጭ የኖረው ኢንዶሰልፋንም በ2011 የፈረንጆች ዓመት በስቶክሆልም ስምምነት ከሚጠፉት መርዞች መዝገብ ገብቷል። ችግሩ ከቅዳሜ ገበያ ላይ ነው፤ በዚያ መርዙ ከትልቁ ዕቃ ወደ ውኃ ጠርሙስ ተቀንሶ፣ ስምም መጠንም ሳይኖረው፣ ከጨውና ከበርበሬ አጠገብ ይሸጣል። ይህን የሚያይ ተቈጣጣሪ በየወረዳው ምን ያህል ቀን ወደ ገበያ እንደሚወጣ የወረዳው ሹም ያውቃል። የግብርና ሠራተኛውም ሥራ የሚመዘነው ባከፋፈለው መርዝና ማዳበሪያ ብዛት ከሆነ፣ መርዝ እንዲቀንስ ከእርሱ መጠበቅ የማይሆን ነገር ነው። በፈረንጆች 1986 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያ መንግሥት በሩዝ ላይ 57 ዓይነት መርዝ በአንድ ትእዛዝ ሲከለክልና ለመርዝ ይሰጥ የነበረውንም ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ፣ የሩዙ ምርት አልወደቀም። መንግሥት ሒሳቡን ከለወጠ ገበሬው ልማዱን ለመለወጥ አይዘገይም።

ያለ ልክ የተከማቸ መርዝ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ደግሞ በኢትዮጵያ ታይቷል። ለአንበጣና ለሌላም ተባይ እየተባለ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የገባው፣ ጊዜው አልፎ በየመጋዘኑ የፈሰሰው መርዝ በሺህ ቶን የሚቈጠር ሆኖ ነበር። ከእርሱም 1,500 ቶን ያህሉ በፈረንጆች 2000ዎቹ መጀመሪያ እየታሸገ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ በዚያ ተቃጥሏል። ሲመጣ እንደ ስጦታ የተቈጠረው ነገር፣ ሲሄድ ብዙ ሚልዮን ወጪ ጠይቋል።

ለሰሜን ወሎ የሚቀርበው ሥራ ከዚህ ይጀምራል። በሀብሩ ወረዳ ያለው የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማእከል የቆላውን ሰብል የሚያውቅ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ጦርነት በዞኑ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ንብረት አጥተዋልና ሁሉን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻላቸውም። ቢሆንም አንድ የማሳ ትምህርት ቤት ለመክፈት የሚያስፈልገው አንድ ጥማድ የማይሞላ መሬት፣ የነፍሳቱን መልክ የሚለይ አንድ ሠራተኛና በሳምንት አንድ ጧት ነው። በአርባ ምንጭ የተፈተነው የበቆሎ ምግብና የኒም ውኃ በቆቦ ሜዳ፣ መጀመሪያ በአትክልቱ ላይ፣ ለአንድ የመከር ዘመን ቢሞከር፣ የሚገኘው ቍጥር ከመተማ ባለ እርሻ ጋራ ለመነጋገር ይበቃል።

የቀን ሠራተኛው ጉዳይ ግን ይህን አይጠብቅም። ለአረም የሚሄደው በክረምት፣ ለአጨዳና ለለቀማ የሚሄደው ከመስቀል በኋላ ከደጋው ይወርዳል፤ ከመውረዱ በፊት ባለው እሑድ ደግሞ ከደብሩ አጸድ አይጠፋም። በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ወይም ካህኑ ራሱ ሊነግረው የሚችለው ቃል አጭር ነው፤ ነፋስ ወደ ፊትህ ሲነፍስ አትርጭ፣ አፍህንና አፍንጫህን ሸፍን፣ ሳትታጠብ አትብላ፣ የረጨህበትን ልብስ ለብሰህ አትተኛ፣ የመርዙን ጀሪካን ቀደህ ጣለው እንጂ ለልጆችህ ውኃ መቅጃ ይዘህ አትግባ፤ ታመህ ሐኪም ቤት የደረስህ እንደ ሆነም፣ መርዝ ስረጭ ነበር ብለህ አስቀድመህ ተናገር።